ጎረቤትን የማይከለክል ግድግዳ፦ ሞያሌን በዲጂታል የጨዋታ ካርታ ላይ ማስፈር

ሞያሌ ላይ ከኬንያ ወደ ኢትዮጵያ የሚሻገር አሽከርካሪ ድንበሩን የሚያውቀው በመሪው ነው። እስከ ኬላው ድረስ የመንገዱን ግራ ይዞ ይመጣና ከኬላው ማዶ ቀኙን ይይዛል። በኪሱ ያለው ሽልንግ በብር ይመነዘራል። የቀን መቁጠሪያው ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ወደኋላ ይመለሳል። የሰዓት አቆጣጠሩ ግን አይለወጥም፤ ስዋሂሊ ተናጋሪውም አማርኛ ተናጋሪውም ፀሐይ ከወጣች በኋላ ያለውን የመጀመሪያ ሰዓት "አንድ" ብለው ይቆጥራሉ።

ከድንበሩ ወዲህና ወዲያ ያሉት ሁለት ከተሞች መጠሪያቸው አንድ ነው። የቦረና፣ የገሪ፣ የገብራ፣ የቡርጂ እና የሌሎች ማኅበረሰቦች ቤተሰቦች በሁለቱም በኩል ዘመድ አላቸው።

ይህን ስፍራ በካርታ ላይ በአንድ ቀይ መስመር ለሁለት መክፈል ቀላል ነው። ከባዱ ጥያቄ መስመሩ ምን ያደርጋል የሚለው ነው። ማንን ያቆማል? ማንን ያሳልፋል? ምንን ይሸፍናል? ጥያቄው ለዲፕሎማቶችና ለቀያሾች ብቻ የሚቀርብ ይመስላል። ይሁንና በተለያዩ ከተሞች ሆነው በኢንተርኔት የሚጫወቱ ወዳጆች ለጨዋታቸው ካርታ ባዘጋጁ ቁጥር ይኸው ጥያቄ ይገጥማቸዋል።

ለመሆኑ እነዚህ ካርታዎች እንዴት ይሠራሉ? እንደ ሞያሌ ያለ እውነተኛ ከተማ የጨዋታ ሜዳ ቢደረግ ምን ይገኛል፣ ምንስ ይጠፋል?

የሚና ጨዋታ ካርታ ለምን ያስፈልገዋል?

የጠረጴዛ ላይ የሚና ጨዋታ ከጥቂት ሰዎች ጋር የሚካሄድ የተረት ዓይነት ነው። ከተጫዋቾቹ አንዱ የጨዋታው መሪ ይሆናል፤ ዓለሙን ይገልጻል፣ ሕጉን ይዳኛል። ሌሎቹ እያንዳንዳቸው አንድ ገጸ ባሕርይ ይዘው "እንዲህ አደርጋለሁ" ይላሉ። የድርጊቱ ውጤት አጠራጣሪ ሲሆን ባለብዙ ገጽ ዳይስ ይወረወራል። አሸናፊና ተሸናፊ ላይኖር ይችላል፤ በጋራ የተሠራ ታሪክ ግን ይኖራል።

የዚህ ዓይነቱ ጨዋታ ዋነኛ ተጠቃሽ የሆነው ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ በአውሮፓውያኑ 1974 በአሜሪካ ለገበያ ቀረበ። አዘጋጆቹ ጌሪ ጋይጋክስ እና ዴቭ አርነሰን ሁለቱም ከጦርነት ጨዋታ የመጡ ነበሩ። የጦርነት ጨዋታ ደግሞ ከካርታ የተወለደ ነው።

በ1812 ፕረሺያዊው ጌኦርግ ሌኦፖልድ ፎን ራይስቪትስ ለንጉሡ ልዩ ጠረጴዛ አዘጋጀ። ኮረብታ፣ ወንዝና መንገድ የተቀረጸባቸው ጠፍጣፋ ቁርጥራጮች በጠረጴዛው ላይ እንደተፈለገ እየተገጣጠሙ አዲስ መልክዓ ምድር ይሠሩ ነበር። በ1824 የመኮንንነት ማዕረግ የነበረው ልጁ ቁርጥራጮቹን ትቶ አንድ ሴንቲ ሜትር 80 ሜትርን በሚወክልበት ዝርዝር ካርታ ላይ መጫወት የሚቻልበትን ደንብ አሳተመ። በዚህ ደንብ ዳኛ የሚባል ሰው አለ። ዳኛው ተፋላሚዎቹ ሊያዩት የማይችሉትን ጦር በካርታው ላይ አያስቀምጥም። ዛሬ በኮምፒውተር ጨዋታዎች ላይ ያልተደረሰበትን ስፍራ የሚሸፍነው ጥቁር "ጉም" ሥሩ እዚህ ላይ ነው።

የጨዋታ ሰሌዳ መልክ የጨዋታውን ባሕርይ እንደሚወስን ኢትዮጵያውያንም ከጥንት ያውቁታል። በገበጣ ላይ ሜዳው ጉድጓድ ነው፤ ጠጠሩ የማንም ሳይሆን የያዘው ጉድጓድ ንብረት ነው። በኢትዮጵያ ሰንጠረዥ ደግሞ ሰሌዳው ጥቁርና ነጭ የተቀባ ካሬ የለውም፤ በጨርቅ ላይ የተሰመሩ መስመሮች ብቻ ነበሩት። የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ ሠራዊታቸውን ያንቀሳቅሱ ነበር። ይህ ምዕራፍ "ወረራ" ይባላል። መስመሩ ለሁለቱም አንድ ነው፤ ደንቡ ግን በመስመሩ ላይ ምን እንደሚፈቀድ ይለዋውጣል።

ጠረጴዛው ወደ ስክሪን ሲዛወር

ናይሮቢ፣ አዲስ አበባ እና ሚኒያፖሊስ የሚኖሩ ሦስት የልጅነት ጓደኛሞች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ መቀመጥ አይችሉም። ለእንዲህ ዓይነቱ ርቀት የተሠሩት ፕሮግራሞች ምናባዊ ጠረጴዛ ይባላሉ። ሮል20 በ2012 በሕዝብ መዋጮ ተጀመረ፤ ፋውንድሪ በ2020 ለሽያጭ ቀረበ። ማፕቱል እና ኦውልቤር ሮዲዮን የመሳሰሉም አሉ። በኮቪድ ወረርሽኝ ወቅት ሰዎች በየቤታቸው ሲከተቱ የእነዚህ ፕሮግራሞች ተጠቃሚ በእጅጉ በዛ።

ምናባዊው ጠረጴዛ በመሠረቱ ሦስት ነገር ያደርጋል። የካርታውን ምስል ለሁሉም ያሳያል፤ የእያንዳንዱን ገጸ ባሕርይ ጠጠር በምስሉ ላይ ያንቀሳቅሳል፤ ዳይስ ይወረውራል። ከዚህ በላይ የሆኑት ፕሮግራሞች አራተኛ ተግባር አላቸው፦ እያንዳንዱ ጠጠር ከቆመበት ስፍራ ምን ማየት እንደሚችል ያሰላሉ።

ስለዚህ የዲጂታል ጨዋታ ካርታ አንድ ሳይሆን ሁለት ነገር ነው። አንዱ ለዓይን የሚታየው ሥዕል ነው። ሁለተኛው ከሥዕሉ በላይ የሚነጠፍና ለተጫዋቾች የማይታይ ንብርብር ነው፤ ግድግዳው የት እንዳለ፣ በሩ የት እንደሚከፈት፣ ብርሃኑ ከየት እንደሚመጣ የሚናገረው እርሱ ነው። ሥዕሉ ላይ የድንጋይ አጥር ቢሳል፣ በሁለተኛው ንብርብር ላይ ግድግዳ ካልተሰመረ በቀር ጠጠሩ አጥሩን እንደ አየር ያልፈዋል።

የመጀመሪያው ውሳኔ፦ መጠን

አንድ አዘጋጅ ሞያሌን ለጨዋታ ማሰናዳት ቢፈልግ የመጀመሪያ ሥራው መሳል አይደለም። ተጫዋቾቹ በምን ያህል ርቀት እንደሚንቀሳቀሱ መወሰን ነው።

በተለመደው የፍልሚያ ካርታ አንድ ካሬ አምስት ጫማ፣ ማለትም አንድ ሜትር ተኩል ግድም ይወክላል። የሮል20 መነሻ ለአንድ ካሬ 70 ፒክስል ሲሆን የፋውንድሪ 100 ነው። 30 ካሬ በ20 ካሬ የሆነ ካርታ በ100 ፒክስል ሲሠራ 3 ሺህ በ2 ሺህ ፒክስል ይሆናል። በመሬት ላይ ሲለካ ግን 45 ሜትር በ30 ሜትር ብቻ ነው። አንድ ግቢ፣ አንድ ሻይ ቤት ወይም የአንድ ኬላ መግቢያ ይይዛል።

ከዚህ በመነሳት የሞያሌን ዋና ጎዳና አንድ ኪሎ ሜትር ያህል በተመሳሳይ መጠን እሠራለሁ ያለ ሰው፣ ርዝመቱ ከ66 ሺህ ፒክስል በላይ የሆነ ምስል ያስፈልገዋል። የብዙ ስልኮችና አሮጌ ኮምፒውተሮች የምስል ማሳያ ክፍል በአንድ ጎን ከ4096 ወይም ከ8192 ፒክስል ያለፈውን ምስል ለመያዝ ይቸገራል። እናም ልምድ ያላቸው አዘጋጆች አንድ ግዙፍ ካርታ ከመሥራት ይልቅ ሦስት መጠን ያላቸው ካርታዎችን ይሠራሉ።

የመጀመሪያው የአካባቢ ካርታ ነው። እዚህ ላይ ብዙውን ጊዜ ካሬ ሳይሆን ባለስድስት ጎን ቅርጽ ይመረጣል፤ ከመሐሉ ወደ ስድስቱም ጎረቤቶቹ ያለው ርቀት እኩል ስለሆነ ጉዞን ለመቁጠር ይመቻል። አንዱ ቅርጽ 10 ኪሎ ሜትር ቢወክል ከሞያሌ ማርሳቢት 25 ያህል ቅርጾች ይርቃል።

ሁለተኛው የከተማ ካርታ ነው። አንድ ካሬ 50 ሜትር ከሆነ ሁለት ኪሎ ሜትር በሁለት ኪሎ ሜትር የሆነ ከተማ በ40 በ40 ካሬ ይጠቃለላል። ሦስተኛው ከላይ የተጠቀሰው የትዕይንት ካርታ ነው፤ ታሪኩ ጠጠር በጠጠር የሚፈጸመው እዚያ ላይ ነው።

መጠን ርቀትን ብቻ አይመለከትም። ከኢሲዮሎ ሞያሌ ያለው 500 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ አስፋልት ከመልበሱ በፊት የጭነት መኪኖች በአቧራና በጭቃ ቀናት ይፈጅባቸው ነበር። ዛሬ በአንድ ቀን ይደረሳል። ኪሎ ሜትሩ አልተቀነሰም፤ ጊዜው ግን አጥሯል። በጨዋታ ካርታ ላይ ይህ ለውጥ የሚገባው በሥዕል ሳይሆን በደንብ ነው። በአስፋልት ላይ ያለ ቅርጽ አንድ የጉዞ ነጥብ ሲያስከፍል፣ በድንጋያማው በረሃ ላይ ያለው አራት ሊያስከፍል ይችላል።

መረጃው ከየት ይመጣል?

ምናባዊ ዓለም የሚሠሩ አዘጋጆች እንደ ኢንካርኔት እና ደንጀንድራፍት ያሉ የስዕል ፕሮግራሞችን ይጠቀማሉ። እውነተኛ ቦታን መነሻ ለሚያደርግ ግን ነጻ የሆኑ ምንጮች አሉ።

ቀዳሚው ኦፕንስትሪትማፕ ነው። በ2004 በብሪታኒያ የተጀመረ ሲሆን በጎ ፈቃደኞች መንገድን፣ ሕንፃንና ወንዝን የሚመዘግቡበት የጋራ ካርታ ነው። ማንም ሰው መረጃውን አውርዶ መለወጥ ይችላል፤ ግዴታው ምንጩን መጥቀስና ከዚያው የተወለደውን የመረጃ ቋት በተመሳሳይ ፈቃድ ማካፈል ነው። የንግድ ኩባንያዎችን የሳተላይት ምስል በስክሪን ቅጂ ወስዶ በላዩ ላይ ካርታ ሠርቶ ማሰራጨት ግን የተለየ ጉዳይ ነው፤ በብዛት የባለቤቱን ፈቃድ ይጠይቃል።

የመሬቱን ከፍታና ዝቅታ ለማወቅ የአሜሪካዋ መንኩራኩር ኢንዴቨር በየካቲት 2000 በራዳር የሰበሰበችው መረጃ በነጻ ይገኛል። በ30 ሜትር ገደማ ልዩነት የተመዘገበ ስለሆነ ለአካባቢና ለከተማ ካርታ በቂ ነው። የአውሮፓው ሴንቲኔል 2 ሳተላይት ምስሎችም ክፍት ናቸው፤ ነገር ግን በጣም ጥርት ባለው ምስላቸው ላይ አንድ ፒክስል 10 ሜትር በ10 ሜትር ይሸፍናል። ይህ በትዕይንት ካርታ ላይ 44 ካሬዎችን ያክላል። ከሳተላይቱ ሣር የለበሰውን ሜዳ ከደረቁ መለየት ይቻላል፤ የሻይ ቤቱን በር መለየት ግን አይቻልም።

የቀረውን የሚሞላው ሰው ነው። ጥላው በየት በኩል እንደሚወድቅ፣ የግመል ወተት የሚሸጡ ሴቶች የት እንደሚቀመጡ፣ የትኛው ጎዳና በዝናብ ጊዜ ጎርፍ እንደሚወርድበት የሚያውቀው ነዋሪው ነው። በዚህ ምክንያት ጥሩ የጨዋታ ካርታ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከሳተላይት ምስል ሳይሆን አንድ ሰው በወረቀት ላይ በእርሳስ ከሚስለው ንድፍ ነው።

የስም ጉዳይ

የጨዋታ ካርታ ስም ያስፈልገዋል፤ ስም ደግሞ በድንበር ከተማ ቀላል ነገር አይደለም። የኢትዮጵያው ሞያሌ በራሱ በኦሮሚያና በሶማሌ ክልሎች መካከል የይገባኛል ጥያቄ የሚነሳበት ሲሆን ሁለቱም ክልሎች በከተማዋ የየራሳቸው አስተዳደር አላቸው። አንዱን የጽሑፍ አጻጻፍ ብቻ መምረጥ ለአንዱ ወገን እንደ መወሰን ሊታይ ይችላል።

ኦፕንስትሪትማፕ ለዚህ የሚሰጠው መፍትሔ ለአንድ ቦታ በየቋንቋው የተለያየ የስም መለያ መያዝ ነው። አማርኛው፣ ኦሮምኛው፣ ሶማሊኛውና ስዋሂሊው በየመለያቸው ይቀመጣሉ። የጨዋታ አዘጋጅም ይህንኑ መንገድ መከተል ይችላል፤ ስሞቹን በሥዕሉ ላይ ከመቅረጽ ይልቅ እንደሚገለጥና እንደሚሸፈን የተለየ ንብርብር ቢያስቀምጣቸው እያንዳንዱ ተጫዋች በሚያነበው ቋንቋ ያያቸዋል።

የግዕዝ ፊደል በዓለም አቀፉ የፊደላት መለያ ሥርዓት፣ በዩኒኮድ፣ ውስጥ የተካተተው በ1999 ነው። ይሁንና አንዳንድ የካርታ ፕሮግራሞች አብረዋቸው የሚመጡት የፊደል ቅርጾች ግዕዝን ስለማይዙ በፊደሉ ፈንታ ባዶ ሳጥን ይታያል። እንደ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ወይም አቢሲኒካ ያለ ነጻ የፊደል ቅርጽ መጫን ችግሩን በአብዛኛው ይፈታል።

ድንበሩ ምን ዓይነት ግድግዳ ነው?

ካርታው ተስሎ ወደ ምናባዊው ጠረጴዛ ሲገባ ዋናው ጥያቄ ይመጣል። ድንበሩ በሁለተኛው፣ በማይታየው ንብርብር ላይ እንዴት ይሰመር?

ለምሳሌ በፋውንድሪ አንድ ግድግዳ አራት ነገሮችን በተናጠል ሊከለክል ይችላል፦ እንቅስቃሴን፣ እይታን፣ ብርሃንን እና ድምፅን። መደበኛው ግድግዳ ሁሉንም ያግዳል። መስታወት የመሰለው እንቅስቃሴን አግዶ እይታን ያሳልፋል። መጋረጃ የመሰለው ደግሞ እይታን ጋርዶ ሰውን ያሳልፋል። ከአንድ ወገን ብቻ የሚያግድ ግድግዳም አለ። በር የሚከፈትና የሚቆለፍ ግድግዳ ሲሆን ቁልፉ በጨዋታው መሪ እጅ ነው።

የሞያሌን ድንበር በእነዚህ አማራጮች ለመግለጽ መሞከር ስለ ድንበሩ ብዙ ያስተምራል። ድምፅን አያግድም፤ የመስጊዱ አዛንና የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ፓስፖርት አይጠየቁም። እይታንም አያግድም፤ ከአንዱ ከተማ የሌላው ጣሪያ ይታያል። እንቅስቃሴን ግን እንደ ተንቀሳቃሹ ማንነት ያግዳል። የጭነት መኪና በኬላው በኩል ብቻ ያልፋል። በታኅሣሥ 2020 የኢትዮጵያው ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ እና የወቅቱ የኬንያ ፕሬዝዳንት ኡሁሩ ኬንያታ የመረቁት የጋራ የድንበር ኬላ፣ ቀድሞ በሁለት አገር ሁለት ጊዜ የሚደረገውን ፍተሻ በአንድ ቦታ ለማጠቃለል የታለመ ነበር። በጨዋታ ቋንቋ ሁለት በሮችን ወደ አንድ የማምጣት ሥራ ነው።

ከብቱን ይዞ ውኃ ፍለጋ የሚሄደው አርብቶ አደርስ?

የኢትዮጵያና የብሪታንያ ምሥራቅ አፍሪካ ድንበር የተሰመረው ካፒቴን ፊሊፕ ሞድ የተባለው እንግሊዛዊ መሐንዲስ መኮንን በ1902 እና በ1903 ባደረገው ቅየሳ ላይ ተመሥርቶ ነው። በ1907 በአፄ ምኒልክና በብሪታንያ መካከል የተፈረመው ስምምነት መስመሩን ወሰነ። ነገር ግን ስምምነቱ መስመር በመሳል ብቻ አላበቃም። በድንበሩ ግራና ቀኝ የሚኖሩ ጎሳዎች እንደ ቀድሞው በሌላው ወገን ባለው የግጦሽ መሬት የመጠቀም መብት እንዳላቸውና በአቅራቢያቸው ወዳለው የውኃ ጉድጓድ በነጻነት መድረስ እንደሚችሉም ደነገገ። ኬንያ ነጻ ከወጣች በኋላ ሁለቱ አገሮች በ1970 ሞምባሳ ላይ በተፈራረሙት ውል ድንበሩን ዳግም አጸኑት።

ካርታው ላይ የተረፈው መስመሩ ነው። ስለ ጉድጓዱና ስለ ግጦሹ የተጻፈው ዓረፍተ ነገር በካርታ ላይ አይታይም። ከ860 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝመውን ይህን ድንበር በስልኩ የሚያይ ሰው ያልተቋረጠ ግድግዳ ያያል፤ ስምምነቱን ያነበበ ግን በሮች የበዙበት አጥር መሆኑን ይረዳል።

በቦረና ምድር ያሉት ቱላ የሚባሉት ጥልቅ የውኃ ጉድጓዶችም ተመሳሳይ ትምህርት ይሰጣሉ። ከሞያሌ በስተሰሜን፣ በአዲስ አበባ መንገድ ላይ እንደምትገኘው ዱብሉቅ ባሉ ስፍራዎች ሰዎች ከጉድጓዱ ሥር እስከ አፉ በመሰላል ላይ ተደርድረው፣ እየዘፈኑ ውኃውን በእጅ እየተቀባበሉ ያወጣሉ። ለትዕይንት ካርታ አዘጋጅ ይህ እጅግ የሚማርክ ቦታ ነው፤ ጥልቀት አለው፣ ድምፅ አለው፣ ሰውና ከብት ይሰበሰብበታል። ሆኖም ወደ ውኃው ማን መቼ እንደሚቀርብ የሚወስነው አጥር አይደለም። የጎሳ መብትና የውኃ ተራውን የሚያስተዳድረው አባ ሄሬጋ ናቸው። ጉድጓዱን ሥሎ ተራውን የዘነጋ ካርታ ጥሩ ሥዕል እንጂ ጥሩ ካርታ አይሆንም።

ፕሮግራሞቹ ለዚህ የተዘጋጀ የግድግዳ ዓይነት የላቸውም። "ለጎረቤት ክፍት፣ ለጭነት መኪና ዝግ፣ በድርቅ ዓመት በድርድር" የሚል ምርጫ አይገኝም። አዘጋጁ በሩን በካርታው ላይ ያስቀምጣል፤ ማን እንደሚያልፍ ግን በማስታወሻ ጽፎ ለጨዋታው መሪ ይተወዋል። ከሁለት መቶ ዓመት በፊት በፕረሺያው ጨዋታ ውስጥ ዳኛ ያስፈለገውም ካርታ ብቻውን የማይመልሰው ጥያቄ ስላለ ነው።

ኔትወርኩ ሲደክም

ያማረ ካርታ ካልተከፈተ ዋጋ የለውም። 3 ሺህ በ2 ሺህ ፒክስል የሆነ ምስል ሲታይ በመሣሪያው የማስታወሻ ቋት ውስጥ 24 ሜጋባይት ያህል ይይዛል። በፋይል ደረጃ ደግሞ ሳይታመቅ ከተቀመጠ ከ10 ሜጋባይት ሊያልፍ ይችላል።

የጨዋታው መሪ ካርታውን ከራሱ ኮምፒውተር ለአምስት ተጫዋቾች የሚልክ ከሆነ በጠቅላላው 50 ሜጋባይት ይላካል። የመላኪያ ፍጥነቱ በሴኮንድ 2 ሜጋቢት ቢሆን ከሦስት ደቂቃ በላይ ይፈጃል። ይኸው ምስል ዌብፒ በሚባለው የፋይል ዓይነት ታምቆ አንድ ሜጋባይት ቢደርስ ግን 20 ሴኮንድ ይበቃል።

ስለዚህ ካርታውን ከጨዋታው ቀን በፊት መጫን፣ በአንድ ተራ ስልክ ከፍቶ መሞከር እና ኤሌክትሪክ ቢቋረጥ የሚያገለግል አንድ የወረቀት ቅጂ ማተም የአዘጋጁ የመጨረሻ ሥራዎች ናቸው። ወጪን በተመለከተ ሮል20 ነጻ አማራጭ አለው፤ ፋውንድሪን የሚገዛው የጨዋታው መሪ ብቻ ሲሆን ተጫዋቾቹ አይከፍሉም። በውጭ ምንዛሬ የሚከፍሉበት ካርድ ለሌላቸው ደግሞ ማፕቱል፣ ለሥዕል ክሪታ እና ጊምፕ፣ ለመልክዓ ምድር መረጃ ኪውጂአይኤስ ያለ ክፍያ የሚገኙ ናቸው።

እውነተኛ ከተማን የጨዋታ ሜዳ ማድረግ ተገቢ ነው?

መጋቢት 1 ቀን 2010 ዓ.ም. በኢትዮጵያው ሞያሌ የመንግሥት ወታደሮች በሲቪሎች ላይ ተኩስ ከፍተው ዘጠኝ ሰዎች ተገደሉ፤ ሌሎችም ቆሰሉ። የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁን የሚያስፈጽመው ኮማንድ ፖስት ድርጊቱ በተሳሳተ መረጃ የተፈጸመ ነው ሲል ገለጸ። በቀጣዮቹ ቀናት ወደ 10 ሺህ የሚጠጉ ሰዎች ድንበሩን ተሻግረው በኬንያ ተጠለሉ። ከኬንያው ሞያሌ አንስቶ እስከ ሶሎሎ ድረስ ጊዜያዊ መጠለያዎች ተተከሉ። በዚያ ሳምንት መስመሩ ለብዙ ቤተሰቦች ከለላ ሆኖ ነበር።

ይህን የሚያውቅ አዘጋጅ የሞያሌን ጎዳናዎች የተኩስ ትዕይንት ማድረጊያ ከማድረጉ በፊት ቆም ማለቱ አይቀርም። ለአንዱ ተጫዋች ባዶ ሜዳ የሆነው ለሌላው አጎቱ የወደቀበት መንገድ ሊሆን ይችላል።

በሚና ጨዋታ ዓለም ለዚህ የዳበሩ ልማዶች አሉ። ጨዋታው ከመጀመሩ በፊት ተጫዋቾቹ ፈጽሞ እንዲነሳ የማይፈልጉትን ጉዳይ ይናገራሉ፤ ቢነሳም በዝርዝር እንዳይገለጽ የሚፈልጉትን ይለያሉ። በመሐል የከበደው ሰው ምክንያት ሳይጠየቅ ትዕይንቱን ማስቆም ይችላል።

በካርታው ላይ ደግሞ ሦስት ጥንቃቄዎች ይጠቅማሉ። የመጀመሪያው የእውነተኛ ሰዎችን መኖሪያ ቤትና ግቢ አለመሳል ነው፤ መንገዱና የመሬቱ አቀማመጥ ከእውነታው ቢወሰድም ቤቶቹ ምናባዊ መሆን አለባቸው። ሁለተኛው የጦር ካምፕና የመጠለያ ቦታዎችን ትክክለኛ መገኛ ማስወገድ ነው። ሦስተኛው ታሪኩ ግጭትን የሚነካ ከሆነ ለከተማዋ ሌላ ስም መስጠት ነው። ስም ሲለወጥ ተጫዋቹ ነገሩን በሰከነ ልብ ለማየት ዕድል ያገኛል፤ ለሚያውቀው ሰው ግን ቦታው አይሰወርበትም።

ይህ ማለት ሞያሌን ከጨዋታ ማራቅ ማለት አይደለም። ስለ ድንበር ከተሞች በዓለም መገናኛ ብዙኃን የሚነገረው በአብዛኛው የግጭት ዜና ነው። በጨዋታ ካርታ ላይ ግን ሌላውንም ቀን ማሳየት ይቻላል። ገጸ ባሕርያቱ መድኃኒት የምታሻግር ነርስ፣ ዘይት የጫነ ሾፌር፣ ግመሎቹ የጠፉበት ሽማግሌ እና በሁለት ገንዘብ ሒሳብ የምትሠራ ነጋዴ ቢሆኑስ? የታሪኩ ፈተና ጠላትን ማሸነፍ ሳይሆን በድርቅ ወቅት ለሦስት ማኅበረሰብ ከብቶች የአንድ ጉድጓድ ተራ ማስማማት ቢሆንስ? ይህን ለመጫወት ግድግዳዎቹን ብቻ ሳይሆን በሮቹንም በጥንቃቄ የሠራ ካርታ ያስፈልጋል።

የፕረሺያው መኮንን ጨዋታ ካርታን ለጦር ማሠልጠኛ አዋለ። የሞያሌን ካርታ በስክሪን ላይ የሚያሰናዳ ወጣት ያንኑ መሣሪያ ለሌላ ተግባር ማዋል ይችላል። ሥራው የሚፈተነው ግን በሥዕሉ ውበት አይደለም። ከድንበሩ በዚህም በዚያም የኖረች አንዲት እናት ካርታውን አይታ "ልጄ፣ እኛ በዚህ በኩል ነው የምናልፈው" ብላ ብታሳይ፣ አዘጋጁ እዚያ ላይ በር ማስቀመጥ ይኖርበታል።